ሱፉ የለበሰኝ ዕለት

ሕልሙን ያየሁት እኅቴ ስመኝ ልትዳር ለእሑድ አጥቢያ ነው። በቤታችን ያደርነው እናቴ፣ ስመኝ፣ አጎቴ ጋሽ አድማሱ፣ ከባሕር ዳር የመጣው የአክስቴ ልጅ መኳንንት፣ እኔና ሱፉ ነበርን። ሱፉን ከሰው ጋር የቆጠርሁት ተሳስቼ አይደለም። ያን ሰሞን ፍኖተ ሰላም ባለው ቤታችን ከሁላችንም በላይ የሚከበረው እሱ ነበር። እኛ ስንገባና ስንወጣ ጠባቡ በር ትከሻችንን ይመታናል። እሱን ግን ጋሽ አድማሱና መኳንንት ግራና ቀኝ ይዘው፣ በሩን እናቴ ከፍታ ነው ያስገቡት።

ነገሩ የመጣው ከሙሽራው ታላቅ እኅት ከወይዘሮ ማህደር ነው። ከቡሬ ደውለው የአዳራሹ ወንበሮች አመድማ ሪባን እንደሚታሰርላቸው ነገሩን። ስለዚህ የሁለቱም ወገን ወንዶች አመድማ ሱፍ ይለብሳሉ፤ ሴቶቹ አረንጓዴ ጥለት። ወንበሮቹ እኛን ሳይሆን እኛ ወንበሮቹን መምሰል ነበረብን ማለት ነው። ይህን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ደስ ሲል አለ። እኔ የምሠራው ወፍጮ ቤት ነው። እዚያ የገባ ሁሉ ነጭ ለብሶ ይወጣል፤ ማንም ደውሎ አላዘዘውም፤ ማንም ደስ ሲል ብሎ አያውቅም።

ሱፉን የሚያሰፉት እነሱ ነበሩ። ከእኛ የተፈለገው ልክ ብቻ ነው። ስልኩን የያዙት ጋሽ አድማሱ ነበሩ። የሙሽሪት ወንድም ልመነው ምን ያህላል ተብለው ሲጠየቁ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። እኔ ከሲታ ነኝ፤ ስንት ዘመን ጆንያ ብሸከምም ሥጋ አልያዘልኝም። ጋሽ አድማሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና "እሱማ ትከሻው በበር አያስገባውም" አሉ። አማቾች ዘንድ ከሲታ ወንድም ማቅረብ ለእሳቸው ነውር ነበር።

ሱፉ ቅዳሜ ከሰዓት መጣ። ስለካው እጅጌው ጣቶቼን ዋጣቸው፤ ትከሻው እንደ ቤት ክፈፍ ከሁለቱም ጎኔ ወጥቶ ተንጠለጠለ። እናቴ መሬት መሬት አየች። መኳንንት ብቻ ሌላ ሰው ጨምሬ ብገባበት ለሁለታችንም እንደሚበቃን ተናገረና ሳቀ። እሱ እንኳን ለሱፉ የተፈጠረ ሰው ነው፤ ሲቆም በር ይሞላል። ጋሽ አድማሱ አልሳቁም። ሱፉን ከአልጋዬ በላይ ካለው ምስማር ላይ ሰቀሉና እስኪነጋ መላ እንደማይጠፋ ነግረውን ወጡ።

የእኔ ሥራ አንድ ነበር። አባታችን ካለፈ ቆይቷል፤ ስመኝ ከእኔ ሌላ ወንድም የላትም። ጠዋት ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ሲመጣ በሩን ይዤ "እኅቴን አልሰጥም" የምለው እኔ ነኝ። ሚዜዎቹ ይለምናሉ፤ ይከራከራሉ፤ ሽቶ ይረጫሉ፤ በመጨረሻ በሩ ይከፈታል። እንደሚከፈት ሁሉም ያውቃል። ቢሆንም በር ያልተያዘላት ሙሽራ ሰው የሌላት ትመስላለች። ሰው ፊት መናገር ያስፈራኛል። ያችን አንዲት ንግግር ግን ወፍጮው ሲጮህ፣ ማንም በማይሰማኝ ጊዜ፣ ስለማመዳት ከርሜ ነበር። ስመኝ ይህን ሳታውቅ አልቀረችም። ወደ ክፍሏ ስታልፍ ከአልጋዬ አጠገብ ቆም ብላ "ነገ ቶሎ እንዳትከፍትላቸው" አለችኝ። እሺ አልኋትና ተኛሁ።

በሕልሜ ምስማሩ ላይ የተሰቀልሁት እኔ ነበርሁ።

ሱፉ አልጋዬ ላይ ተኝቶ ነበር። ጋቢዬን ለብሶ፣ ፀሐይ እንዳይመታው አንድ እጅጌውን ኮሌታው ላይ አድርጎ። ተነሣ፤ አዛጋ፤ ሲያዛጋ ገበሩ ታየ። ቀና ብሎ አየኝና "ዛሬ ይህንን ነው የምለብሰው?" አለ።

ሱሪው ከግርጌ በኩል ሆኖ ያለው ሰው ይኸው ብቻ እንደሆነ መለሰለት። ሱፉ እየተነጫነጨ አወረደኝና በመስኮቱ በኩል አራገፈኝ። ዱቄት ቦነነ። ከዚያ እጄን በእጁ፣ ደረቴን በደረቱ አስገብቶ ለበሰኝ፤ ቆለፈኝ፤ መስተዋት ፊት ሄደን ቆምን። መስተዋቱ ውስጥ የሚታየው ሱፉ ብቻ ነበር። ዞር ዞር እያለ ጀርባውን አየ።

"ትከሻው ላይ ያንሰኛል" አለ። "አንገቱም ቀጥኗል። ይህን ሰው ማን ነው የሰፋው?"

"እናቱ" አለ ሱሪው።

"ጨርቅ ቆጥባለች።"

ሳሎን ስንደርስ የጋሽ አድማሱ ባርኔጣ ወንበር ይዞ ያወራ ነበር። ከሥሩ ጋሽ አድማሱ ተንጠልጥለዋል። ባርኔጣው ሲያወራ እሳቸው ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። በዚህስ ከዘወትሩ ብዙም የተለየ ነገር አላየሁም። ባርኔጣው እኔን ሲያይ ወሬውን አቋርጦ ይህን ዓይነት ሰው ለብሶ ሠርግ መሄድ ቤተሰቡን ማዋረድ እንደሆነ ለሱፉ ነገረው። ቡሬ ድረስ ትከሻው በበር አያስገባውም ተብሎ የተነገረለት ሰው ይህ ነው ወይ ብሎም ጠየቀው። ቶሎ ሰው ሰፊ ዘንድ ወስዶ እንዲያስተካክለኝ መከረው።

ወዲያው ገበያ ነበርን። በየመስቀያው ሰው ተሰቅሏል። ቀሚሶችና ካፖርቶች በመካከሉ ይተራመሳሉ፤ ይነካካሉ፤ ይከራከራሉ። መሬት ላይ የልባሽ ሰዎች ቦንዳ ተፈትቶ፣ አንድ ሽርጥ ከላዩ ወጥቶ ይሸጥ ነበር። ሰዎቹ የውጭ እንደሆኑ፣ ብዙም እንዳልኖሩ ይምላል። አንድ ሹራብ ጡረታ የወጣ መምህር አነሣና ክርኑን አይቶ ያለቀ ነው ብሎ መልሶ ጣለው። አንዲት የሐር ቀሚስ ወጣት ሴት ይዛ ወደ ፀሐይ እያገላበጠች አየቻት።

"ቀለሟ ይለቃል?" አለች ቀሚሷ።

"ስታለቅስ ብቻ" አለ ሽርጡ።

ቀሚሷ ገዛቻት።

ከቦንዳው ማዶ አንድ ከረባት ወፍራም የመሥሪያ ቤት ኃላፊ አንቆ ይዞ ቆሞ ነበር። ሰውየው ከፊቱ ላይ ላብ ያፈሳል፤ ይስቃልም። ሱፉ በቅናት አየውና ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ጠየቀ። ከረባቱ በኩራት እንዲህ ያለ ሰው እንደማይገኝ፣ ከማንኛውም ቀለም ጋር እንደሚሄድ፣ በፈለጉት ውኃ ቢነክሩት የነከሩትን መስሎ እንደሚወጣ ነገረው። ኃላፊው እውነት ነው አለ። ሌላ ነገር ጠይቀነው ቢሆን ኖሮም እውነት ነው ይል ነበር።

ከገበያው ጫፍ አንዲት የስፌት መኪና ተቀምጣ ነበር። በእግሯ የምትረግጠው ልብስ ሰፊውን ነው፤ በረገጠችው ቁጥር ሰውየው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንገዳገዳል። ሱፉ አወለቀኝና ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋኝ።

"ማጥበብ ከሆነ ቀላል ነው" አለች። "ሰው ማጥበብ የዕለት ሥራዬ ነው።"

ሱፉ የሚፈልገው ማስፋት እንደሆነ ነገራት። እሷም ብብቴን ገልጣ፣ ወገቤን ገልብጣ የስፌት ትርፍ ካለኝ ፈለገች። ወላጆቼ ምንም እንዳላስተረፉልኝ ተናገረች። ሱፉ ቢያንስ ትምህርቴ የሚዘረጋ ቢሆን ብሎ ጠየቃት።

"እዚህ ላይ ስድስተኛ ክፍል ሲደርስ ተቆርጧል" አለች። "ጫፉም አልተዘመዘመም።"

ልብስ ሰፊው ከእግሯ ሥር ሆኖ አንድ ነገር ሊናገር ሲል ረገጠችው። ሱፉ መላ እንድትፈልግለት ለመናት። ትከሻዬን የምትሞላበት ጥጥ አልነበራትም። ትንሽ አሰበችና ቤት ውስጥ ብዙ የሚያወራ ሰው እንዳለ ጠየቀችው። የባርኔጣውን ነገር ነገራት።

"እንግዲያው የእሱን ወሬ ጠቅጥቅበት። ሌላ ነገር ይህን ያህል ቦታ አይዝም።"

የጋሽ አድማሱን ወሬ አመጡና በሁለቱም ትከሻዬ ጠቀጠቁት። እውነትም ሰፋሁ። ሱፉ መልሶ ሲለብሰኝ ሞላሁለት። ስንሄድ ግን ወሬው ከትከሻዬ ውስጥ ሆኖ ያንሾካሹክ ነበር፤ ትከሻው በበር አያስገባውም፣ በበር አያስገባውም ይላል። መንገደኛው ሁሉ ዞር እያለ ያየን ነበር፤ ሱፉ ያደነቁት መሰለው።

ከገበያ ስንወጣ መንገዱን የለቅሶ ሰው ዘጋው። ነጠላዎች ነበሩ። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ሴቶች ነጠላቸውን ያዘቀዝቃሉ፤ ጥለቱ ወደ ላይ ይሆናል፤ ያን ያየ መንገደኛ ሳይነገረው ኀዘን መሆኑን ያውቃል። እዚያ የሞተው ግን ጨርቅ ነበር። ስለዚህ ነጠላዎቹ ሴቶቹን አዘቅዝቀዋቸዋል። ሴቶቹ እግራቸውን ወደ ሰማይ አድርገው በመዳፋቸው ይሄዳሉ፤ እንባቸው በግንባራቸው ላይ ይወርዳል።

ሱፉ ማን እንደሞተ ጠየቀ። አንዱ ነጠላ የሞተው የአንድ ጸሐፊ ነጭ ሸሚዝ እንደሆነ ነገረው። ካልነጣህ አትገባም እየተባለ ሲታጠብ፣ ሲታጠብ አለቀ። አንድ ሰው ብቻ ነበረው፤ እሱም አብሮት ይቀበራል። ጸሐፊው ራሱ ጫማውን በእጁ ይዞ ከኋላ ይከተል ነበር። አብሮ እንደሚቀበር የነገረው የለም። ለቅሶ ስለሆነ አንገቱን ደፍቷል።

እናቴ ከነዚያ ሴቶች መካከል ነበረች። ፊቷ ከጉልበቴ ትይዩ ነው።

"ልመነው" አለችኝ፣ "ደረትህን ንፋ። ዛሬ እንዳታሳፍረኝ።"

"እማዬ፣ ተዘቅዝቀሻል" አልኋት።

"የተዘቀዘቅኸው አንተ ነህ፣ ልጄ። ዙሪያህን እየው፤ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚሄደው።"

ዙሪያዬን አየሁ። እውነቷን ነበር። ከለቅሶው ሰው አልፎ መንገደኛውም፣ ባለ ሱቁም፣ ትራፊኩም በእጁ ይሄድ ነበር። እኔም ልገለበጥ ጎንበስ ስል ሱፉ ያዘኝ። እንደምሸበሸብበት ነገረኝና እየጎተተኝ አለፍን። ዞሬ እናቴን ልሰናበታት ፈለግሁ፤ አንገቴ ግን የኮሌታው ነበር፤ ኮሌታው አልዞረም።

ከዚያ አንድ የኳስ ሜዳ ደረስን። በሜዳው መካከል የቤታችን በር ብቻውን ቆሟል። ግድግዳ የለውም፤ ቤት የለውም፤ ማዶው ቁልጭ ብሎ ይታያል። በዚያ በኩል ወንበሮች በረድፍ በሰዎች ላይ ተቀምጠዋል። ሪባን የታሰረላቸው ሰዎቹ ናቸው፤ ወገባቸው ላይ። ከረድፎቹ መጨረሻ አንድ ነጭ የሙሽራ ቬሎ ቆሞ ሙሽሮችን ይለካል፤ አንዷን ይለብሳል፤ ያወልቃል፤ ሌላዋን ያነሣል። ስመኝ ከሁሉም በኋላ ቆማለች።

ዞሮ ለመግባት ምንም የሚከለክል ነገር አልነበረም፤ ሜዳ ነውና። ማንም ግን አልዞረም። ልብሶች ሁሉ የየራሳቸውን ሰው ለብሰው በሩ ፊት ተሰልፈዋል። ዘበኛው የልብስ ሰፊ ሜትር ነበር፤ ቢጫ፣ ረጅም፣ በጅራቱ የቆመ። ከጎኑ የወይዘሮ ማህደር አረንጓዴ ቀሚስ ቆማለች። ወይዘሮ ማህደርን ለብሳለች፤ ዚፑን እስከ መጨረሻ ስለዘጋችባቸው መተንፈስ አልቻሉም፤ ዓይናቸው ብቻ ይቁለጨለጫል። ቀሚሷ የዕለቱን ደንብ ታስነግር ነበር። የዕለቱ ሰው ከወንበሮቹ ጋር የሚሄድ ሰው መሆን አለበት። የሚያስነጥስ ሰው ለብሶ መግባት ክልክል ነው። ከወገቡ በላይ የሚያዝን ሰው ለብሶ መግባትም ክልክል ነው፤ ከወገቡ በታች ግን ጠረጴዛ ስለሚሸፍነው ማዘን ይፈቀዳል።

አንድ ካባ የለበሳቸው ሽማግሌ ስለሳሉ ተመለሰ። አንዲት የወርቅ ዘቦ ቀሚስ የለበሰቻት ልጅ ከልቧ ስለሳቀች ተመለሰች። ሳቋ ከቀለሙ ጋር አይሄድም ተባለ። ቀሚሷ ልጅቷን እዚያው አውልቃ አጥሩ ላይ ጣለቻት።

በዚህ መካከል አንዲት ፍየል መጣች። ሰልፉን አየችው፤ በሩን አየችው፤ ከዚያ ዞራ ገባች። ሜትሩ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጣት። ሱፉ ለምን እንደተፈቀደላት ሲጠይቀው ፍየሏ የለበሰችው የራሷን እንደሆነ ነገረው። እኔም ወደዚያ ለመሄድ እግሬን አነሣሁ። ሱሪው ያዘኝ።

"በጓሮ የሚገባ ጨርቅ መወልወያ ነው" አለኝ።

ተራችን ደረሰ። ሜትሩ በደረቴ ዞረ፤ በአንገቴ ዞረ። ትከሻዬ ላይ ሲደርስ ትንሽ ጠበቅ አደረገ። ያን ጊዜ የጋሽ አድማሱ ወሬ በስፌቱ በኩል መፍሰስ ጀመረ። ትከሻው በበር አያስገባውም፣ በበር አያስገባውም እያለ ሣሩ ላይ ተንጠባጠበ። ልብሶቹ ሁሉ ሰሙ። ትከሻዬ ረገበ። የወይዘሮ ማህደር ቀሚስ ሳቅ እንዳያመልጣት ወይዘሮ ማህደርን ጨበጠቻቸው።

ከማዶ ስመኝ ድምፄን የሰማች ይመስል ቀና አለች።

"ልመነው መጥቷል? በሩን የያዘልኝ ማን ነው?"

መጥቻለሁ ልላት አፌን ከፈትሁ። ሱፉ የላይኛውን ቁልፍ አፌ ላይ ቆለፈው። ሜትሩ ግን የሆነ ድምፅ ሰምቶ ነበር፤ የሚናገረው ማን ነው ብሎ ጠየቀ።

"ማንም አይደለም" አለ ሱፉ። "ገበር ነው።"

ገበር እንደማይናገር ሜትሩ አስታወሰው። ሱፉ አፈረ። ዙሪያውን አየ። አጥሩ ላይ መኳንንት ተሰቅሎ ነበር፤ ተተኩሶ፣ ተጣጥፎ፣ ትከሻው ከአጥሩ እንጨት በላይ ወጥቶ። ሱፉ ሁለት ጊዜ አላሰበም። አወለቀኝ፤ ሣሩ ላይ ጣለኝ፤ መኳንንትን አውርዶ ለበሰው። ልክክ አለለት። ሜትሩ መለካት እንኳን አላስፈለገውም፤ በሩን ይዞ እንዲቆም ነገረው። ልብሶቹ ሁሉ አጨበጨቡ፤ በሰዎቻቸው እጅ።

እኔ ራቁቴን ሣሩ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ያየኝ የለም። ለገበር የወጣ ደንብ አልነበረም። ፍየሏ ብቻ እያመነዠገች ወደ እኔ መጣች።

"አትዞርም?" አለችኝ።

"ራቁቴን ነኝ።"

"እኔስ ምን ለብሻለሁ?"

በሩ እዚያው ነው፤ ዙሪያው ሜዳ ነው። ብነሣ፣ ብዞር፣ እኅቴ ዘንድ ለመድረስ ከዚህ እስከዚያ ነው። ስመኝ አንድ ጊዜ ደግማ ጠራችኝ። ቬሎው እሷን አንሥቶ መልበስ ጀምሯል፤ እስከ አንገቷ ደርሷል። እኔ ግን ሰው ምን ይለኛል እያልሁ በእጄ ጉልበቴን እሸፍን ነበር። ለምን ጉልበቴን እንደሆነ አላውቅም። ፍየሏ ትንሽ ጠበቀችኝና ሌላ ሣር ፍለጋ ሄደች።

ያን ጊዜ በሩ መንኳኳት ጀመረ። በጡጫ ነበር የሚመታው። ሜዳው ተንቀጠቀጠ። ይዤዋለሁ፣ ይዤዋለሁ እያልሁ ተነሣሁ፤

ነቃሁ።

በሩ አሁንም ይመታ ነበር። መስኮቱ ላይ ፀሐይ ሞልቷል። ከውጭ የመኪና ጥሩምባና እልልታ ይሰማል። ቀና ብዬ ምስማሩን አየሁ። ባዶ ነው።

የወፍጮ ቤት ሸሚዜን ለብሼ፣ ቁልፉን እየቆለፍሁ ወጣሁ። ከሳሎኑ መግቢያ ላይ እናቴ ቆማ ነበር። አረንጓዴ ጥለቷን ለብሳለች። ስታየኝ ሁለት እጇን ደረቴ ላይ አደረገች።

"እንቅልፍህ ደስ ቢለኝ ነው ያልቀሰቀስሁህ" አለችኝ በሹክሹክታ። "ቪዲዮ እየቀረጹ ነው። ትንሽ ቆይተህ ትወጣለህ። ለመኳንንት ልክክ አለለት፣ ልጄ፤ እሱ ይልበሰው ያሉት አጎትህ ናቸው።"

ከትከሻዋ በላይ አየሁ። መኳንንት አመድማውን ሱፍ ለብሶ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ በሩን ሞልቶት ቆሟል። ጋሽ አድማሱ ባርኔጣቸውን አድርገው ከጎኑ ናቸው። ቪዲዮ ቀራፂው ወንበር ላይ ቆሞ ካሜራውን ሱፉ ላይ አድርጓል። ሚዜዎቹ ከውጭ ይለምናሉ።

"እኅቴን አልሰጥም" አለ መኳንንት። ጥሩ አድርጎ ነው ያለው።

ስመኝ ከጓዳ ሰማች። በቬሎው ውስጥ ሆና "ይህ የልመነው ድምፅ አይደለም" አለች። "ልመነው የታለ?"

"ሱፉ አለ አይደለም እንዴ" አሉ ጋሽ አድማሱ ወደ ኋላ ሳይዞሩ።

እኔም ያን ጊዜ አልሁት። ከእናቴ ትከሻ ጀርባ ሆኜ፣ ስለማመደው በከረምሁት ድምፅ፣ እኅቴን አልሰጥም አልሁ። ቀራፂው ዓይኑን ከካሜራው አነሣ።

"ከኋላ ያለኸው ዝም በል" አለ። "ድምፅ ይገባብኛል።"

ሚዜዎቹ በበሩ ስንጥቅ በኩል ሱፉ ላይ ሽቶ ረጩ። መኳንንት ወዲያው ከፈተላቸው።